የስደተኛ ኮታ፦ ከቬትናም ጀልባዎች እስከ ገዳሪፍ ካምፖች

 

በሾኔም ሆነ በሆሳዕና፣ በዱራሜም ሆነ በሐላባ ቁሊቶ፣ ልጁ ወይም ወንድሙ ውጭ አገር የሌለበት ቤት ማግኘት ዛሬ ቀላል አይደለም። ቡና ተፈልቶ የውጭ አገር ወሬ ሲነሳ ደግሞ አንድ ቃል ሳይጠራ አይታለፍም፤ «ኮታ»። «የካናዳ ኮታ ተከፈተ»፣ «የአሜሪካው ኮታ ሞልቶበት ቀረ»፣ «የእገሌ ልጅ በኮታ ገባ» ይባላል። ቃሉን ደላላም አሳምሮ ያውቀዋል። በዚህች አንድ ቃል ምክንያት ስንት ቤት በሬውን ሸጧል፣ ስንት እናት ወርቋን አውጥታለች። ይሁን እንጂ ኮታ የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ፣ ማን ከማን ጋር ተቀምጦ እንደቆረጠው፣ ከዚያም ውስጥ ለእኛ አገር ሰው ስንት እንደደረሰው ሲነገር ብዙም አይሰማም። የዛሬው ዝግጅታችን ይህን ታሪክ ይመለከታል። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር ስናገር ዓመተ ምሕረት እላለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። «ሰፈራ» ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የደርግ የ1977 ዓ.ም. ሰፈራ ነው፤ ከከምባታና ከሐዲያ ገበሬዎች ጭምር ወደ ጋምቤላ የተወሰዱበት። ያን አይደለም የምናወራው። አንድ ሰው ድንበር ተሻግሮ ጎረቤት አገር ከተጠለለ በኋላ ሌላ ሦስተኛ አገር ተቀብሎ ሲያኖረው፣ ያ ነው የዛሬው ርዕሳችን። የዓለም የስደተኞች ሕግ ለተሰደደ ሰው የሚሰጠው ዋናው ጥበቃ ወደሸሸው አደጋ እንዳይመለስ ነው። ወደ ሦስተኛ አገር መሄድ ግን መብት ተብሎ አልተጻፈም፤ የተቀባዩ መንግሥት ፈቃድ ነው። ኮታም የሚመጣው ከዚህ ነው። ፈቃድ ስለሆነ ይቆጠራል፣ ስለሚቆጠር ደግሞ ይደራደሩበታል።

ይህ ድርድር ዓለም እያየው በትልቁ የተካሄደው በቬትናም ስደተኞች ላይ ነበር። ሳይጎን ከተማ በኤፕሪል 30 ቀን 1975 በሰሜኖቹ እጅ ስትወድቅ አሜሪካ አብረዋት የሠሩትን ወደ 130 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ይዛ ወጣች። ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎ ነበር፤ አላለቀም። ከ1978 ጀምሮ አዲሱ መንግሥት ነጋዴዎችንና የቻይና ዘር ያላቸውን ዜጎች ሲጫን፣ ከቻይና ጋርም ወደ ጦርነት ሲገባ፣ ሕዝቡ በአሣ ማጥመጃ ጀልባ ወደ ባሕር መግባት ጀመረ። በየብስ ድንበር ወደ ቻይና የተሻገሩት 250 ሺህ ያህል ነበሩ፤ እነሱን ቻይና ያለ ብዙ ጉባኤ አስፍራቸዋለች። በባሕር የወጡት ግን ታይላንድ፣ ማሌዥያ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ፊሊፒንስና ሆንግ ኮንግ ዳርቻ ደረሱ። በኖቬምበር 1978 «ሃይ ሆንግ» የተባለች አሮጌ መርከብ 2,500 ያህል ሰው ጭና ማሌዥያ ስትደርስ እንዳትራገፍ ተከለከለች፤ ሰዎቹም ካናዳ፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመንና ሌሎች ተከፋፍለው እስኪወስዷቸው ድረስ መርከቧ ላይ ቆዩ። በጁን 1979 ወር ብቻ በጀልባ የደረሱት ከ54 ሺህ በላይ ነበሩ።

የባሕሩ መንገድ ምን ይመስል እንደነበር አንድ ቁጥር ይበቃናል። በ1981 ታይላንድ ከደረሱት 452 ጀልባዎች መካከል 349ኙ በባሕር ወንበዴዎች ተዘርፈዋል፤ ያውም አንዱ ጀልባ በአማካይ ሦስት ጊዜ። በዚያ ዓመት የሞቱትና ደብዛቸው የጠፋው 881 ሰዎች ናቸው። ይህ የታወቀው ብቻ ነው። ሙሉ ለሙሉ ሰጥሞ የቀረውን ጀልባ ማን ይቆጥረዋል?

አሁን ወደ ድርድሩ እንግባ። በጁን 1979 መጨረሻ ታይላንድ፣ ማሌዥያ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ፊሊፒንስና ሲንጋፖር አንድ ሆነው ትዕግሥታችን አልቋል፣ ከእንግዲህ አዲስ የሚመጣ አንቀበልም አሉ። ማስፈራሪያ ብቻም አልነበረም፤ ጀልባዎች በገመድ እየተጎተቱ ወደ ጥልቁ ባሕር ይመለሱ ነበር። ማሌዥያ በዚህ ሥራ ከቀዳሚዎቹ አንዷ ናት። ሙስሊም የሚበዛባት አገር ስለሆነች ይህን ልንሸፍንላት አይገባም። በሌላ በኩል፣ ያችው ማሌዥያ ከካምቦዲያ የፖል ፖት እልቂት ያመለጡ ብዙ ሺህ የቻም ሙስሊሞችን ያለ ጩኸት ተቀብላ በኬላንታንና በሌሎች ግዛቶቿ አስፍራለች። የሃይማኖት ወንድሞቿን አስገባች፣ የቻይና ዘር ያላቸውን ወደ ባሕር መለሰች። የራሷን የሕዝብ ሚዛን እያሰላች ነበር። ሌሎቹም መንግሥታት ስሌት ነበራቸው፤ የስሌታቸው ዓይነት ብቻ ነው የሚለያየው።

የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኩርት ቫልድሃይም በጁላይ 20 እና 21 ቀን 1979፣ በእኛ ሐምሌ 13 እና 14 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ 65 መንግሥታትን ጄኔቭ ጠሩ። ድርድሩ በአጭሩ ይህን ይመስል ነበር። ጎረቤት አገሮች «እናንተ ከወሰዳችሁልን እኛ በጊዜያዊነት እናስጠልላለን» አሉ። ሀብታሞቹ አገሮች «የሚመጣው ካልቀነሰ ወስደን አንጨርስም» አሉ። ቬትናም ደግሞ «ልቀቁ ስትሉን ለቀቅን፣ አሁን ያዙ ትሉናላችሁ» ለማለት ምክንያት ነበራት። በመጨረሻ ሦስቱም ወገን የየድርሻውን ሰጠ። ለመቀበል ቃል የተገባው ቁጥር ከ125 ሺህ ወደ 260 ሺህ አደገ። አሜሪካ ከጉባኤው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብላ በወር የምትወስደውን ከ7 ሺህ ወደ 14 ሺህ አጥፋ ነበር። ካናዳ 50 ሺህ አለች። ቬትናምም ሕገ ወጥ የሚባለውን ጉዞ ለተወሰነ ጊዜ ለማቆም፣ በምትኩ ሰዎች በሥርዓት ተመዝግበው በአውሮፕላን እንዲወጡ ተስማማች። በዚህ በሥርዓት መውጫ በተባለው መንገድ ባለፉት ዓመታት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ወጥቷል።

ጉባኤውን ብዙዎች እንደ ትልቅ ስኬት ያነሱታል፤ እውነትም ስንት ነፍስ ድኗል። እኔን ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። «ለተወሰነ ጊዜ እናቆማለን» ማለት በተግባር የቬትናም ወታደር የሚሸሸውን ሰው ባሕር ዳር ላይ ይይዘዋል ማለት ነው። ሰው ከአገሩ የመውጣት መብቱ ለኮታው ክፍያ ሆነ። ይህን ሲስማሙ አዳራሹ ውስጥ አንድም የጀልባ ሰው ለራሱ አልተናገረም።

የእኛ አገር የጥንት ታሪክ በዚህ ረገድ ሌላ ምሳሌ አለው። በ615 ገደማ ከመካ ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሶሓቦች ለማስመለስ ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና አንድ ጓደኛውን ሲልኩ፣ መልእክተኞቹ ያደረጉት ድርድር ነበር። ታሪኩን ያቆዩልን እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) እንደነገሩን፣ መልእክተኞቹ የተለፋ ቆዳ ስጦታ ይዘው መጀመሪያ የሄዱት ወደ ንጉሡ ሹማምንት ነው። የለመኗቸውም ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያነጋግር አሳልፎ እንዲሰጥ እንዲመክሩት ነበር። ነጃሺ ግን የተጠለሉብኝን ሰዎች ራሳቸውን ሳልሰማ አልወስንም አለ፤ ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብም (ረ.ዐ.) ቆመው ተናገሩ። ስጦታው ተመለሰ። ይህን ያነሳሁት ለመኩራራት አይደለም፤ የድርድሩ ክርክር ያኔም ስደተኛው ይሰማ ወይስ አይሰማ የሚል እንደነበር ለማሳየት ነው።

እሺ፣ በዚያው በ1979 እኛ የት ነበርን? አገራችን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከቀይ ሽብርና ከኦጋዴን ጦርነት መውጣቷ ነበር። የሰሜኑ ጦርነት አልቆመም። ወጣቱ በመተማና በሁመራ በኩል ወደ ሱዳን፣ የኦጋዴን አርብቶ አደር ወደ ሶማሊያ፣ የድሬዳዋና የአካባቢዋ ሰው ወደ ጅቡቲ ፈሰሰ። ከጄኔቭ ጉባኤ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በሜይ 1979፣ አፍሪካውያን በአሩሻ ከተማ ስለ አህጉራቸው ስደተኞች ተሰብስበው ነበር። ለቬትናም ሰዎች እንደተደረገው ያለ የኮታ ቃል ኪዳን ግን ለእነሱ አልተገባም። በኤፕሪል 1981 ጄኔቭ ውስጥ ለአፍሪካ ስደተኞች ጉባኤ ሲጠራ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቃል ተገባ። ገንዘቡ ብዙ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ለእስያው ስደተኛ ቤት ተሰጠው፣ ለአፍሪካው ስደተኛ እዚያው ባለበት ድንኳንና እህል ተላከለት።

በሶማሊያ የነበረው ድርድር ደግሞ ከዚህ ይለያል። እዚያ ክርክሩ ስንት እንወስዳለን በሚለው ላይ ሳይሆን ስንት ሰው አለ በሚለው ላይ ነበር። የሶማሊያ መንግሥት በካምፖቹ ያሉት ከ1 ሚሊዮን እጅግ ይበልጣሉ ይላል፤ ለጋሾች ይህን ያህል አይሆኑም ይላሉ። ቆጠራው አልተሳካም። በመጨረሻ በ700 ሺህ ላይ ተስማሙና «የዕቅድ ቁጥር» ብለው ጠሩት። እንግዲህ አስቡት፤ በረሃ ላይ የተቀመጠ ሰው ቁጥሩ በገበያ እንደሚሸጥ በግ በክርክር ተቆረጠ። የሚታደለው ዱቄትና ዘይትም የተለካው በዚሁ ቁጥር ነው።

ወደ አሜሪካ እንመለስ፤ የኮታ ሥርዓቱ ዛሬ በምናውቀው መልክ የተሠራው እዚያ ነውና። ፕሬዚዳንት ካርተር በማርች 17 ቀን 1980፣ በእኛ መጋቢት 8 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ የስደተኞችን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ስደተኛ ማለት ከኮሚኒስት አገር ወይም ከመካከለኛው ምሥራቅ የሸሸ ብቻ ነው የሚለውን አሮጌ አሠራር አስቀርቶ የዓለሙን ትርጉም ተቀበለ። ለእኛ በሩ በሕግ የተከፈተው ያኔ ነው። ሁለተኛ፣ ፕሬዚዳንቱ በየዓመቱ ከምክር ቤቱ ጋር ተመካክሮ ለየአህጉሩ የሚገባውን ጣሪያ እንዲወስን አዘዘ።

የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ 231,700 ነበር። ከዚህ ውስጥ ለኢንዶቻይና የተመደበው 168 ሺህ ነው፤ ያ በወር 14 ሺህ የተባለው በ12 ሲባዛ ማለት ነው። ለመላው አፍሪካ የተመደበውስ? 1,500። ለአንድ አገር ሳይሆን ለአህጉሩ በሙሉ። እስያውያኑ በሦስት ቀን ከሩብ ገደማ የሚገቡትን ያህል አፍሪካ በዓመት ተሰጣት። ያችም አልሞላችም፤ በዚያ ዓመት አሜሪካ ከገቡት ከ207 ሺህ በላይ ስደተኞች ውስጥ ከአፍሪካ የሄዱት 955 ናቸው። በተከታዩ ዓመት የአፍሪካ ጣሪያ ወደ 3 ሺህ ከፍ አለ፤ የገቡት ግን 2 ሺህ ያህል ነበሩ። በእነዚያ ዓመታት ከአፍሪካ ከሄዱት አብዛኞቹ የእኛ አገር ሰዎች ናቸው።

ለምን እንዲህ ሆነ? አንዳንድ ሰው «ዘረኝነት ነው» ብሎ ይዘጋዋል። የለም ለማለት አልደፍርም፤ የአሜሪካ ጥቁር የምክር ቤት አባላትም ያኔ ይህን ጠይቀዋል። ነገር ግን ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። አሜሪካ በቬትናም ተዋግታ ሰዎቹን ትታ ስለወጣች ዕዳ ነበረባት፤ ለእኛ እንዲህ ያለ ዕዳ አልተሰማትም። ሌላው የራሳችን ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በሴፕቴምበር 1969 አዲስ አበባ ላይ ያጸደቀው የስደተኞች ስምምነት ከዓለሙ ሕግ ሰፋ ያለ፣ በጦርነት የተፈናቀለውንም የሚጠልል ጥሩ ሕግ ነው። የዚያ ዘመን መሪዎች ግን የተማረው ሰው ወደ ምዕራብ እንዳይፈስ ስለሚፈሩ፣ የአፍሪካ ስደተኛ በአፍሪካ ይኑር፣ ነገ ይመለሳል የሚለውን ሐሳብ ይደግፉ ነበር። ምዕራባውያንም ይህን ሲሰሙ ደስ ነው ያላቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሱዳን አላስፈራራችም። ታይላንድና ማሌዥያ «አንቀበልም» ብለው ሰው ወደ ባሕር ሲመልሱ ዓለም ጉባኤ ተቀመጠ። ሱዳን በራሷ ድርቅና ድህነት ላይ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ተቀብላ ዝም አለች። ጨክኖ በር የዘጋ ጆሮ ሲያገኝ፣ እንግዳ ተቀባዩ ሳይታይ ቀረ። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ የቁጥሮቹን ቅደም ተከተል ያየ ሰው ግን ከዚህ ብዙ ይርቃል ብዬ አላስብም።

በሱዳን ውስጥስ ማን ተመረጠ? የአሜሪካ ሹሞች ቃለ መጠይቅ የሚያደርጉት በአመዛኙ ካርቱም ላይ ነበር። እንግሊዝኛ የሚያውቀው፣ ተማሪ የነበረው፣ በድርጅት አባልነቱ ታስሮ ያመለጠው የከተማ ወጣት ጉዳዩን ማስረዳት ይችላል፤ ፎርሙንም ይሞላል። ገዳሪፍ ዳር በተዋዋ፣ ከሰላ አጠገብ በወድ ሸሪፌ ካምፕ ያለው ገበሬና አርብቶ አደር ግን ፋይል እንዲከፈትለት መጠየቅ እንዳለበት እንኳ አያውቅም። ስለዚህ በ1980ዎቹ አሜሪካ የገባው የእኛ ሰው በብዛት ላጤ ወጣት ወንድ፣ የተማረና ከተሜ ነው። በሰሊጥ እርሻ ላይ በቀን ሠራተኝነት ያረጀው እዚያው አረጀ። ያ የመጀመሪያው ዙር ግን ራሱን ብቻ ይዞ አልተቀመጠም፤ በ1983 በአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ኢትዮጵያውያን ያቋቋሙት የማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት ቆይቶ ከአሜሪካ ብሔራዊ የስደተኞች አስፋሪ ድርጅቶች አንዱ ሆነና የሌላ አገር ሰዎችን ጭምር ሲቀበል ኖሯል።

አሜሪካ ውስጥ ያሉትም ቢሆኑ ያለ ስጋት አልኖሩም። ከ1977 ጀምሮ ኢትዮጵያውያን እንዳይመለሱ የሚያደርግ ጊዜያዊ ከለላ ነበራቸው። በ1981 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከለላውን አነሳ፤ ከብዙ አቤቱታ በኋላ በ1982 መልሶ ሰጠ፣ ነገር ግን እስከ ጁን 30 ቀን 1980 ለገቡት ብቻ። በማግሥቱ የደረሰ ሰው ከለላው አልነካውም። ለአንዱ ሰው መዳን ለሌላው መባረር የሆነችው የቀን መቁጠሪያ አንዲት መስመር ናት።

የጅቡቲው ጉዳይ ደግሞ በእኛ አካባቢ ብዙም አይታወቅም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጅቡቲ ውስጥ በአሊ ሳቢህና በዲኪል ካምፖች ብዙ ሺህ የእኛ አገር ስደተኞች ነበሩ። የደርግ መንግሥት፣ የጅቡቲ መንግሥትና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን የሦስትዮሽ ኮሚቴ አቁመው ተደራደሩና ከሴፕቴምበር 1983 ጀምሮ ሰዎችን ወደ አገር መመለስ ጀመሩ። በፈቃዳቸው ነው ተባለ። ሆኖም ቀለብ እንዲቀንስና ጫና እንዲበዛ ተደርጎ ነበር የሚል ብርቱ ወቀሳ ወዲያውኑ ተነሥቷል። ሦስት ወገን በተቀመጠበት ጠረጴዛ አራተኛው ወገን፣ ተመላሹ ራሱ፣ ወንበር አልነበረውም።

ኮታ ይከፈታል፣ ኮታ ይዘጋል። የቬትናሞቹም ቢሆን ለዘላለም አልተከፈተም። በ1980ዎቹ መጨረሻ የሚወጣው ሰው እንደገና ሲበዛ፣ በጁን 1989 ጄኔቭ ላይ ሁለተኛ ጉባኤ ተደረገ። ከማርች 14 ቀን 1989 በኋላ የደረሰ ሁሉ፣ በሆንግ ኮንግ ደግሞ ከዚያም ቀደም ካለ ቀን ጀምሮ፣ ስደተኛ መሆኑ እየተጣራ ያላለፈው እንዲመለስ ተወሰነ። ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች ወደ ቬትናም ተመልሰዋል፤ አንዳንዶቹ በግድ። ከ1975 ወዲህ ከሦስቱ የኢንዶቻይና አገሮች በሌላ አገር የሰፈሩት ወደ 1.3 ሚሊዮን ናቸው። የእኛም በ1991 ደርግ ሲወድቅ «ምክንያታችሁ አልቋል» ወደሚል ውሳኔ አመራ፤ ኮሚሽኑ በ1999 አስታውቆ ከማርች 1 ቀን 2000 ጀምሮ ከ1991 በፊት የወጡ ኢትዮጵያውያን በጥቅሉ ስደተኛ መባላቸው ቀረ። በሱዳን 20 ዓመት የኖረ፣ እዚያ የወለደና የቀበረ ሰው በአንድ ቀን ስሙ ተቀየረ።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ አንድ አባት ጠየቁኝ። ልጃቸው በደቡብ አፍሪካ ሱቅ ይሠራል። «የስደተኛ ወረቀት አለው፤ አንድ ሰው 150 ሺህ ብር ከከፈልን በተባበሩት መንግሥታት ኮታ ካናዳ ያስገባዋል አለኝ፤ ምን ትለኛለህ ኡስታዝ?» አሉኝ። የመለስኩላቸውን ለእናንተም እላለሁ።

የደቡብ አፍሪካ የስደተኞች ሕግ በ1998 ወጥቶ በ2000 ሥራ ላይ ሲውል ካምፕ አላቋቋመም፤ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው በተለምዶ «ሴክሽን 22» የሚባለውን ጊዜያዊ ወረቀት ይዞ ከተማ ውስጥ እየሠራ ይኖራል። ከእኛ አካባቢ የሄዱት ልጆች አብዛኞቹ የያዙት ይህን ነው። ይህ ወረቀት «ጉዳይህ እየታየ ነው» የሚል ነው፤ ስደተኛነቱ የጸደቀለት ሰው የሚይዘው ሌላ ነው። ወደ ሦስተኛ አገር የሚላከው ደግሞ ከጸደቀላቸውም ውስጥ ኮሚሽኑ የባሰ አደጋ ላይ ነው ብሎ የመረጠው ነው፤ ከዚያም ተቀባዩ አገር ራሱ ጠይቆና መርምሮ እሺ ወይም እምቢ ይላል። በዓለም ካሉት ስደተኞች በዓመት ይህን ዕድል የሚያገኙት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ለምዝገባም ሆነ ለምርጫ የሚከፈል አንድም ሳንቲም የለም። የአሜሪካ ተጓዥ የአውሮፕላኑን ዋጋ በብድር ይዞ ከደረሰ በኋላ ይከፍል ነበር እንጂ ቀድሞ ለማንም አይከፍልም። ስለዚህ ገንዘብ የጠየቀ ሰው ኮታ የለውም።

በደቡብ አፍሪካ ይህ ጥያቄ በአደባባይ ተነሥቶም ያውቃል። በኦክቶበር 2019 ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ስደተኞች የውጭ ዜጎች ላይ የሚደርሰው ጥቃት በዝቶብናል፣ ወደ ሌላ አገር ውሰዱን ብለው በኬፕ ታውንና በፕሪቶሪያ የኮሚሽኑ ቢሮዎች ደጅ ተቀመጡ። ጥያቄያቸው ሐሰት አልነበረም፤ በ2008 እንኳ በዚያ ዓይነት ጥቃት ከ60 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ኮሚሽኑ ግን በጅምላ ማስፈር አይቻልም አለ። በኬፕ ታውን ፖሊስ በወሩ መጨረሻ በትኗቸው ከቤተ ክርስቲያን ተጠለሉ። በእጃቸው የሚደራደሩበት ነገር አልነበረም።

«ስፖንሰር» የሚባለውም ከዚያው ከ1979 የወረደ ነው። ያኔ ካናዳ ውስጥ አምስት ሰዎች ወይም አንድ የእምነት ማኅበር ተሰባስበው ለአንድ ቤተሰብ የአንድ ዓመት ወጪ ኃላፊነት ሲወስዱ መንግሥት ያስገባላቸው ነበር፤ እስከ 1980 መጨረሻ ከገቡት 60 ሺህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሆኑት በዚህ መንገድ ነው። በ1986 የካናዳ ሕዝብ ለዚህ ሥራው የናንሰን ሽልማትን አግኝቷል። የእኛ አገር ሰዎችም በኋላ ዘመዶቻቸውን በዚሁ አስገብተዋል። ነገር ግን ማመልከቻው ስለተከመረ ካናዳ በ2024 መጨረሻ ከአምስት ሰዎች ቡድኖች አዲስ ማመልከቻ መቀበል ለጊዜው እንዳቆመች አስታውቃለች። የአሜሪካውም እንዲሁ ነው፤ በ2024 የበጀት ዓመት 125 ሺህ የነበረው ጣሪያ፣ በጃንዋሪ 2025 ፕሮግራሙ ታግዶ፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ለ2026 የበጀት ዓመት ወደ 7,500 ወረደ። ከዚህም አብዛኛው የተመደበው ለደቡብ አፍሪካ ነጮች ነው። የሾኔ ልጅ ሱቁን ከከፈተባት አገር የተመረጠው ስደተኛ ነጩ ገበሬ ሆነ።

እኚያ አባት ገንዘቡን እንዳይሰጡ ነገርኳቸው፤ አልሰጡም፣ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ሌላ ልጅ በቤት አላቸው፤ እሱም በሞያሌ በኩል ስለሚሄደው መንገድ ያወራል። በማርች 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በኮንቴነር ውስጥ ታፍነው የተገኙት 64 ሰዎች የእኛ አገር ልጆች ነበሩ። በዲሴምበር 2022 ከሉሳካ ከተማ ዳር ተጥለው የተገኙት 27 አስከሬኖችም ከዚሁ ከኛው አገር የተነሱ ሰዎች ናቸው ተብሏል። እነዚህን በየትኛውም ጄኔቭ ማንም ወደ ጠረጴዛ አላቀረባቸውም፤ ሕጉ «ስደተኛ» ሳይሆን «ፍልሰተኛ» ስለሚላቸው ኮታ የሚባለው አይመለከታቸውም።

በ1980ዎቹ ኢትዮጵያውያንን ካስጠለሉት የሱዳን ካምፖች አንዱ በገዳሪፍ ግዛት የሚገኘው ኡም ራኩባ ነው። ተዘግቶ፣ ሣር በቅሎበት ኖሮ፣ በኖቬምበር 2020 ከትግራይ ለሸሹ ወገኖቻችን እንደገና ተከፈተ። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ፣ በኤፕሪል 2023፣ ሱዳን ራሷ በጦርነት ስትነድ ሱዳናውያን በተራቸው በመተማ በኩል ወደ እኛ ተሻገሩ፤ በአማራ ክልል በኩመርና በአውላላ ካምፖች ሰፈሩ። በ2024 ዝርፊያና ጥቃት ሲበዛባቸው ከ1 ሺህ በላይ የሚሆኑት ከነልጆቻቸው ካምፑን ለቀው በእግር ወጡና መንገድ ዳር ዛፍ ሥር ተቀመጡ። የጠየቁትም ወደ ሌላ አገር እንዲያዛውሯቸው ነበር።